መጠኑ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ይመርመር

ለቡ መብራት ኃይል በሚገኝበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል የሚያልፈው የትንሹ አቃቂ ወንዝ ለብዙ ዘመን ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሲለማበት መኖሩ ይታወቃል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የገባበት ይህ ወንዝ ክሮሚየም የተባለውን ከባድ ብረት ተሸካሚ መሆኑም በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል።

ይሁን እንጂ ክሮሚየም ሁሉ አንድ አይደለም። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም ሦስት ከደለልና ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ ወደ ተክሉ የሚዘልቀው ጥቂት ነው። ክሮሚየም ስድስት ግን በውሃ ሟሙቶ የሚጓዝ፣ ካንሰር የሚያስከትል መርዝ ነው። በአፈር ውስጥ ያለ ማንጋኒዝ ሦስቱን ወደ ስድስት ሊለውጠው ሲችል፣ ፍግና ብስባሽ በአንጻሩ ስድስቱን ወደ ሦስት ለመመለስ ይረዳሉ።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ለመስኖ ውሃ ያወጣው ወሰን በሊትር 0.1 ሚሊግራም ክሮሚየም ነው፤ ዓይነቱን ግን አይለይም። ድምሩን ብቻ ይዞ መፍረድ መርዛማውን ማሳ ደህና ነው ወደ ማለት፣ አለዚያም የገበሬውን ልፋት ያለ አግባብ ወደ ማስነቀል ያደርሳል።

በመሆኑም ፍሳሽ በሚገባበት በማናቸውም ወንዝ የሚያለሙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች፣ የውሃና የአፈር ናሙና ሲያስመረምሩ ከድምሩ ሌላ ክሮሚየም ስድስት ለብቻው እንዲለካ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ውሃው በሁለት ንጹሕ ዕቃ ይቀዳ። ለድምሩ ምርመራ የሚጨመረው አሲድ ስድስቱን ወደ ሦስት ሊለውጠው ስለሚችል በሁለተኛው ዕቃ አይጨመር፤ በበረዶ ቀዝቅዞም በዚያው ዕለት ላቦራቶሪ ይድረስ። የአምራቹ ድካምና የተመጋቢው ጤና አብረው የሚጠበቁት ይህ ሲደረግ ነው።