የእማዬ የመድኃኒት ከረጢት

እማዬ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ከአልጋዋ ስትነሣ አዞራትና ወደቀች። ደግነቱ አጥንቷ አልተሰበረም። ነገሩ የገባን መድኃኒቶቿን ጠረጴዛ ላይ ስንዘረግፍ ነው፤ ድሮ የምትወስደው «ላሲክስ» እና ሆስፒታል የታዘዘላት «ፉሮሴማይድ» ለካ አንድ መድኃኒት ናቸው! ይህ የሚያሸና መድኃኒት በእጥፍ ሲወሰድ የሰውነትን ውኃና ጨው ያሟጥጣል፤ የደም ግፊትንም ያወርዳል። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ይህን የመቋቋም አቅሙ ትንሽ ነው።

ስለዚህ አረጋዊ ወላጅዎ ሆስፒታል ሲተኙ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛውን የሕመም ማስታገሻና የባህል መድኃኒቱን ጨምሮ፣ የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። ሲወጡም ሐኪሙን «የትኛው ይቀጥል? የትኛው ይቁም? አዲሱ የትኛው ነው?» ብለው ሳይጠይቁ አይመለሱ። እኛ የተማርነው እማዬ ወድቃ ነው።