ስለ ዘይት ፊልትሮ

የማኅበራችን አባላት ሆይ፤ የመኪናችሁን ዘይት በየግቢያችሁ ራሳችሁ መቀየራችሁን እንደግፋለን። ቅር ያሰኘን የፊልትሮው ነገር ነው። «ጥርሱ ገጥሟል፣ በቃ» ይባላል። አይበቃም! ጥርሱ አንድ ሆኖ ውስጡ የሚለያይ ሞልቷል። ዙሪያውን ባሉት ቀዳዳዎች አጮልቃችሁ እዩ፤ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ እንዳይመለስ የሚያግድ የጎማ ክዳን ያለው አለ፣ የሌለውም አለ። ፊልትሮው በአግድም ወይም ተደፍቶ ለሚታሰርበት ሞተር ክዳኑ ግድ ነው። ያለዚያ በእኛ በደብረ ማርቆስ ብርድ፣ ዘይቱ ወፍሮ ባደረበት ጧት፣ ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንድ በደረቁ ይፋጫል። እንዲህ የከረመ ሞተር ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ጉዱ ይታያል። ጥቂት ብር አተርፍ ብሎ ሞተር ማስወረድ ምን ይሉታል?

አሮጌውን ብቻ አሳይታችሁ አትግዙ፤ እሱም ልክ ላይሆን ይችላል። የመኪናውን መጽሐፍ ቁጥር ያዙ። ስትቀይሩም የአሮጌው የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር፤ ሁለት ቀለበት ከተደራረበ ዘይቱ ይተፋል። አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብታችሁ በእጅ እሰሩት።