ኮምፒዩተሩ ይደር ወይስ ይጥፋ?

በየመኝታ ክፍሉና በየኪራይ ቤቱ መቋጫ ያጣ አንድ ክርክር አለ። ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ ማታ ሊተኛ ሲል መሣሪያውን ያጥፋው ወይስ እንደ በራ ያሳድረው? አንደኛው ወገን «ዕቃን የሚገድለው መክፈትና መዝጋት ነው፤ ተዉት ይደር» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ቤት ታቃጥሉብናላችሁ» ብሎ ሶኬቱን ሊነቅል ይነሣል። ነገሩን ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የብዙ ወራት ድካም የሆነው የመመረቂያ ጽሑፍ በዚያ ሣጥን ውስጥ ስላለ፥ ሣጥኑም ባለበት ጣሪያ ሥር የሰው ነፍስ ስለሚያድር፥ ጉዳዩ በቀልድ የሚታለፍ አይመስለኝም።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የኤሌክትሪክ ሰው አይደለሁም። የቴክኖሎጂ ተማሪ የሆኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሽቦውን ነገር ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ነገር ግን አንድን ክርክር ከነማስረጃው አቅርቦ መመዘን ለማንኛውም ተማሪ የተፈቀደ ስለ ሆነ፥ የመሰለኝን ለመጻፍ ደፈርሁ።

በቅድሚያ «አይጥፋ» የሚሉትን ሰዎች ሐሳብ ሳናዛባ እንስማ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፥ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ ስለዚህ መሣሪያውን በየቀኑ ማሞቅና ማቀዝቀዝ የተበየዱትን መጋጠሚያዎች ያላላል ይላሉ። የሃርድ ዲስኩም ሞተር ከሁሉ ይበልጥ የሚደክመው ሲነሣ ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። ሆኖም ቁጥሩን አስገብተን እንየው። ለተራ ገበያ የተሠሩ ብዙ የቀድሞ ሃርድ ዲስኮች እስከ 50,000 ጊዜ ተነሥተው እንዲቆሙ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አንድ ተማሪ በቀን አምስት ጊዜ ቢከፍትና ቢዘጋ፥ ይህን ቁጥር ለመጨረስ 10,000 ቀን፥ ማለት ከ27 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። እስከዚያ ድረስ ተማሪው ተመርቆ፥ ልጆቹም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይሆናል። ኤስኤስዲ በሚባለው በአዲሱ ዐይነት ማኅደር ውስጥ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር ጭራሽ ስለሌለ ክርክሩ ከሥሩ ይወድቃል።

በአንጻሩ ሳይጠፋ የሚያድር መሣሪያ ሌሊቱን ሙሉ ያረጃል። ማራገቢያው ይሽከረከራል፥ አቧራ ይስባል፥ የኃይል ሣጥኑም ይሞቃል። በኃይል ሣጥኑ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ በፈሳሽ የተሞሉ ትንንሽ ቆርቆሮዎች አሉ። ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቊጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር የሙያው ሰዎች የታወቀ ስሌት አላቸው። እንግዲህ በየቀኑ ስምንት ሰዓት በከንቱ ማሞቅ ማለት ዕድሜን በከንቱ ማቃጠል ነው።

«የእኛ አገር ብርድ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ምን ይሞቃል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ብርዱ ይረዳናል። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች፥ አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ በአየር ነው፤ አየር ሲሳሳ የሚሸከመው ሙቀት ይቀንሳል። የሃርድ ዲስክም ማንበቢያ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ስለሚሠራ፥ ብዙ አምራቾች ከ3,000 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሠራበት ይከለክላሉ። ደብረ ማርቆስ ከዚህ ወሰን በታች ስለ ሆነች አያሠጋንም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የጮቄ አናት ላይ ግን ያው ዲስክ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ብርዱ የሰጠንን የአየሩ መሳሳት በከፊል ይወስድብናል፤ ሒሳቡ ሲደመር ግን ደጋው ለመሣሪያው ክፉ ቦታ አይደለም።

ክፉዎቹ እኛው ነን። ኮምፒዩተርን እንደ ቴሌቪዥን በዳንቴል መሸፈን ቤትን ያሳምር ይሆናል፤ ነገር ግን እየሠራ ያለን መሣሪያ በዳንቴል መሸፈን አፍንጫውን እንደ መያዝ ነው። ላፕቶፕን አልጋ ላይ አድርጎ ጋቢ ጣል አድርጎበት ማደርም እንደዚያው ነው። መተንፈሻው ተደፍኖ፥ በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ሞልቶ እየሞቀ ሲቈይ ዐቅሙ ይደክማል፤ አንዳንዴም ያብጣል። ያበጠ ባትሪ ደግሞ እሳት ሊያስነሣ የሚችል ነገር ስለ ሆነ ከአልጋ አጠገብ ሊያድር አይገባውም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መሣሪያው ነው። እኔ ግን ዋናው አደጋ ከመሣሪያው ይልቅ ከግድግዳው እንደሚመጣ አምናለሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚጻፉ ምክሮች ይህን ጥያቄ ሲመልሱ ብዙውን ጊዜ መብራቱ የማይጠፋና የማይዋዥቅ መሆኑን ታሳቢ አድርገው ነው። የእኛ ሁኔታ ሌላ ነው። መስመራችን 220 ቮልት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ማታ በየግቢው ምጣድ ሲጣድ ኃይሉ ይወርዳል፥ አምፖሉም ይደበዝዛል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም በአንድ ጊዜ ወጥቶ ወርዶ ነው የሚረጋጋው። ከሁሉ የሚብሰው ኒውትራል የሚባለው ሽቦ ከምሰሶ ላይ የተበጠሰ ወይም የላላ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው 380 ቮልት በየቤቱ ስለሚከፋፈል፥ በአንዱ ቤት አምፖል ሲደበዝዝ በጐረቤቱ ቤት ቴሌቪዥን ይጨሳል። ባለቤቱ ነቅቶ ከሆነ ሮጦ ይነቅላል። ተኝቶ ከሆነስ ማን ይነቅልለታል?

በዚህ ላይ ክረምቱን ጨምሩበት። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የጎጃም ሰማይ ምን እንደሚመስል ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። መብረቅ ኮምፒዩተርን ለመግደል ጣሪያችን ላይ መውደቅ የለበትም፤ ራቅ ብሎ ባለ ምሰሶ ላይ ቢወድቅ በሽቦው ተጕዞ በሶኬት በኩል ይገባል። የመሬት ሽቦ ያለው ቤት በመጠኑ ይከላከላል። ነገር ግን ከምንከራያቸው ክፍሎች ስንቶቹ የመሬት ሽቦ አላቸው? ሦስተኛውን መገናኛ በሚያስቀር ርካሽ ዲቫይደር ላይ ኮምፒዩተር፥ የስልክ ቻርጀርና የውኃ ማፍያ በአንድነት ሰክተን የምንተኛስ ስንቶች ነን? ዝናብ ሲያጕረመርም ማጥፋት ብቻውን እንደማይበቃ፥ መንቀል እንደሚያስፈልግ ደግሞ አንዘንጋ፤ የጠፋ ግን የተሰካ መሣሪያ ከመብረቅ አያመልጥም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ እዚህ ላይ የሰውን መብት የሚነካ ነገር አለና። አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ያለ ሥራ ተቀምጦ እንኳ ከነመስኮቱ 80 ዋት ይወስዳል ብንል፥ በቀን 24 ሰዓት በወር 57.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባለቤቱ በርግጥ የሚሠራበት በቀን ስድስት ሰዓት ቢሆን፥ ለሥራ የዋለው 14.4 ብቻ ነው፤ የቀረው 43.2 ከንቱ ነው። ይህ ከንቱ ኃይል 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድን ከ12 ሰዓት በላይ ያጋግራል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ደረጃ ደረጃ አለው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ዋጋው ዝቅተኛ ነው፥ ከዚያ በላይ እየጨመረ ይሄዳል። እንግዲህ ሳይጠፋ የሚከርም አንድ ኮምፒዩተር ብቻውን የመጀመሪያውን ደረጃ ያልፋል። አራትና አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚኖርበት ግቢ፥ የአንዱ ተማሪ ስንፍና አምፖል ብቻ የምታበራውን እናት ጭምር ወደ ላይኛው ዋጋ ይገፋታል። ሒሳቡ እኩል ሲካፈል እርስዋ የማታውቀውን ዕቃ ትከፍላለች ማለት ነው። ይህን ፍትሕ ነው የሚል ተማሪ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።

«ኃይልማ ሞልቶናል» የሚል ሌላ መልስ ሰምቻለሁ። በርግጥ ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋዋት ነበር፤ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነገረው ዐቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ጎጃምን ከብቦ የሚሄደው ዓባይ ይህን በማድረጉ የማይደሰት የለም። ነገር ግን የግድቡ ኃይል ወደ ክፍላችን የሚገባው በሰፈራችን ትራንስፎርመርና በባሕር ዛፍ ምሰሶ ነው። ወንዙ የቱንም ያህል ቢሞላ፥ እንስራው ከተሰነጠቀ ቤት የሚደርሰው ውኃ ያው ነው። የምንጩ መብዛት የመጨረሻውን ምሰሶ አያጠነክረውም።

ስለ መረብም ጥቂት ልበል። ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ሰው በሌለበት የሚያድር ኮምፒዩተር በሩ ገርበብ ብሎ እንዳደረ ቤት ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተነሣው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ሰው ምንም ሳይጫን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እየተዛመተ፥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ይዞ ፋይላቸውን ቈልፎ ገንዘብ ጠይቋል። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ እስከ መመለስ ደርሰዋል። የሚያስቈጨው ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ማውጣቱ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንሠራበት ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የጠፋ መሣሪያ ቢያንስ በዚያ ሌሊት በመረብ አይወረርም። መሣሪያውን አሳድሮ ማሻሻያውን የሚተው ሰው ግን ወታደሩን አሰናብቶ ምሽጉን ክፍት የተወ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ለተቃዋሚዎቼ አንድ ነገር እሰጣለሁ። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ርካሽ ስለ ሆነ መጻሕፍትና ትምህርት በሌሊት የሚያወርድ ተማሪ አለ፤ ሰዓታት የሚፈጅ ስሌት የሚያሠራም አለ። እነዚህ ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ምክንያት ያለው ሥራ ደግሞ ከልማድ ይለያል። እነርሱ ያሳድሩ፤ ነገር ግን መሣሪያው በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፥ መተንፈሻው ክፍት ይሁን፥ መስኮቱ ይጥፋ፥ ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይኑረው፥ ሰማዩም ጥሩ ይሁን። የዩፒኤስ ባትሪም በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚደክም ስለ ሆነ፥ ገዝቶ መርሳት አይገባም።

ለሌሎቻችን ግን ፍርዴ ይህ ነው። ቀን ለአጭር ጊዜ ስንወጣ መሣሪያውን እናስተኛው፤ የሚወስደው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይዞ ማስተኛት ግን መብራት ሲሄድ ያስለቅሳልና በቅድሚያ ፋይሉን እናስቀምጥ። ማታ እናጥፋ። ነጐድጓድ ሲሰማና ከተማ ለቀን ወደ ቤተሰብ ስንሄድ እንንቀል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅለን፥ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ እንሰካ። የመመረቂያ ጽሑፋችንንም ቢያንስ በሌሎች ሁለት ቦታዎች፥ አንዱን ከምንተኛበት ቤት ውጭ፥ እናኑር፤ ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል፥ የአንድ ዓመት ሐሳብ ግን ከሱቅ አይገዛም።

የቀረው የግል ጥንቃቄ የማይፈታው ነገር ነው። የመሬት ሽቦ ተከራይ ብቻውን የሚያስገባው ነገር አይደለም። የተማሪዎች ኅብረታችን ተማሪ ለሚያከራዩ የግቢ ባለቤቶች ይህን በትሕትና ማስረዳት፥ ከቴክኖሎጂ ተማሪዎችም ፈቃደኞችን አሰባስቦ የየግቢውን ሶኬትና ሽቦ በባለሙያ መሪነት ማስመርመር ይችላል። ይህ ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ ሥራ ይመስለኛል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለጎጆ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ ለሽቦውም እናድርገው።