የቲም ከማለታችን በፊት



ውድ እህት ወንድሞች፣ ረመዳን በተቃረበ ቁጥር ወደ መስጂዳችን ከሚመጡ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «ኡስታዝ፣ ጀመዓችን ለስደተኛ የቲሞች ልብስና ቴምር ሰብስቧል፤ ካምፕ ድረስ ወስደን በእጃችን ልንሰጥ ነውና የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልን።» ጥያቄውን ይዘው የሚመጡት ገና ሥራ የያዙ ወይም ዩኒቨርሲቲ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ያዋጡት ከምሳቸው ቀንሰው ነው። አላህ ይቀበላቸው። እኔ ግን ከደብዳቤው በፊት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ ልጆቹ የቲም መሆናቸውን ማን ነገራችሁ?

ብዙ ጊዜ መልሱ «ብቻቸውን ናቸዋ!» የሚል ነው። ብቻ መሆንና የቲም መሆን ግን አንድ አይደለም። በኪታቦቻችን የቲም የሚባለው ሳይባልግ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። አባቱ የት እንደገባ ያልታወቀ ልጅ የመፍቁድ ልጅ እንጂ የቲም አይባልም። መፍቁድ የሆነ ሰው ደግሞ መሞቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ወይም ቃዲ እስኪፈርድ ድረስ ንብረቱ ለወራሽ አይከፋፈልም። ፉቀሃዎቹ ለጠፋው ሰው ፍየልና መሬት ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ልጁን «አባት የለውም» ብለን ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ እኛን ምን አስቸኮለን?

ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ በመተማና በኩርሙክ በኩል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ አገራችን ገብቷል። ከዚያ በፊትም ጋምቤላ ውስጥ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አሉ፣ ዶሎ አዶና ጅግጅጋ አካባቢ ደግሞ ሶማሊያውያን። (የጋምቤላዎቹ ልጆች አብዛኞቹ ሙስሊም አይደሉም፤ ሐቃቸው ግን ያው ሐቅ ነው።) ሰው ከጦርነት ሲሸሽ እንደ ሠርግ አጃቢ ተሰልፎ አይወጣም። አባት ቤቱን ልጠብቅ ብሎ ይቀራል፣ እናት ጡት የሚጠባውን ታቅፋ ባገኘችው መኪና ትወጣለች፣ ትልቁ ልጅ ከአጎቱ ጋር ይሄዳል፣ አጎትየው ኬላ ላይ ይያዛል። ልጁ ኩርሙክ ሲደርስ ብቻውን ነው። እናቱ ግን ደማዚን ወይም ካርቱም፣ ወይም እዚሁ አገር ሌላ ካምፕ ውስጥ ልትሆን ትችላለች። እሷም እየፈለገችው ነው።

ሚንሃጅ የቀራ ደረሳ የለቂጥን ኪታብ ያስታውሳል። ተጥሎ የተገኘን ሕፃን ማንሳት ፈርደ ኪፋያ ነው። ነገር ግን ኢማሙ ነወዊ ይበልጥ ትክክል ባሉት አቋም፣ ያነሳው ሰው ምስክር ማቆም ግዴታው ነው። የወደቀ ዕቃ ላነሳ ሰው ምስክር ማቆም በመዝሀቡ ግዴታ አይደለም፤ ሕፃን ላነሳ ግን ግዴታ ነው። ምክንያቱን ዑለሞቹ ሲያብራሩ የልጁ ነጻነትና ነሰብ እንዳይጠፋ ነው ይላሉ። ያነሳው ሰው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ጥሩ ሰውም ግን ይሞታል፣ ይረሳል፣ ልጁን ወድዶ «የኔ ነው» ወደ ማለት ሊሄድም ይችላል። በካምፕ ውስጥ ይህንን ምስክርነት የሚሰጠው ያ የምንሰለቸው ምዝገባና ፋይል ነው።

የዘይድ ኢብኑ ሐሪሳን ታሪክም ከዚህ አንጻር መልሳችሁ እዩት። በሲራ እንደሚወራው ገና ልጅ ሳለ ዘራፊዎች ከቤተሰቡ ነጥቀው ሸጡት፣ መካ ገባ። አባቱ አገር ላገር ሲፈልገው ኖረ። በመጨረሻ ለሐጅ የመጡ የጎሳው ሰዎች አይተው አወቁትና ወሬውን ለአባቱ አደረሱ። አባትና አጎት ቤዛ ይዘው መጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገንዘቡን አልተቀበሉም፤ ዘይድን ራሱን ጠርተው እንዲመርጥ አደረጉት፤ እሱም ከሳቸው ጋር መቅረትን መረጠ። ያኔ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ይባል ጀመር። በኋላ የሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ ወርዶ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ሲታዘዝ ግን ወደ ዘይድ ኢብኑ ሐሪሳ ተመለሰ። ከነቢዩ የሚበልጥ አሳዳጊ የለም። እሳቸው ዘንድ ያደገ ልጅ እንኳ የወላጅ አባቱ ስም ተመልሶለታል።

አሁን ደግሞ ይህ ሲፈርስ ምን እንደሚመጣ እንይ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ምሥራቅ ቻድ፣ አቤሼ ከተማ ውስጥ «የዞዬ መርከብ» የተባለ የፈረንሳይ በጎ አድራጎት ድርጅት አባላት 103 ሕፃናትን አውሮፕላን ላይ ሊጭኑ ሲሉ ተያዙ። የዳርፉር የቲሞች ናቸው፣ ከሞት እያተረፍናቸው ነው አሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ልጆቹን ሊቀበሉ ገንዘብ ያዋጡ ቤተሰቦች አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ዩኒሴፍ፣ ዩኤንኤችሲአርና ቀይ መስቀል ልጆቹን አንድ በአንድ ሲያነጋግሩ ከ103ቱ 91ዱ ቢያንስ ወላጄ ከሚሉት አንድ አዋቂ ጋር ይኖሩ የነበሩ ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ ዳርፉርን አያውቁትም፤ ድንበሩ ላይ ካሉ የቻድ መንደሮች የመጡ ናቸው። ወላጆቻቸው «አቤሼ ወስደን እናስተምርላችኋለን» ተብለው ነበር። ጤነኛ ልጆች ቁስለኛ እንዲመስሉ ፋሻ ሲጠቀለልላቸው የሚያሳይ ቪዲዮም ወጣ። ስድስት ፈረንሳውያን ስምንት ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው፣ በወራት ውስጥ ግን በቻዱ ፕሬዚዳንት ይቅርታ ተፈቱ። ልጆቹ ወደ እናቶቻቸው ለመመለስ ወደ አምስት ወር ፈጀባቸው።

ይህን ስናገር «እነሱ ነጮች ናቸው፣ ዓላማቸው ሌላ ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። ገንዘብ ያዋጡት ቤተሰቦች ግን አብዛኞቹ በቅን ልብ የቲም እናድናለን ብለው ነበር። ኒያ ጥሩ መሆኑ የልጁን እናት አያገኝለትም።

አንድ ልጅ ካምፕ ሲደርስ መሆን ያለበት ይሄ ነው። የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ከዩኤንኤችሲአር ጋር ሆኖ ይመዘግበዋል። ምዝገባው ላይ ምንም አዋቂ ሳይኖረው ብቻውን የመጣው፣ ከእናት አባቱ ተለይቶ ግን ከአክስት ወይም ከአያት ጋር ከመጣው ይለያል። ለሁለቱም ፋይል ይከፈታል። ዘመድ ካለው ከዘመዱ፣ ከሌለው ቋንቋውንና ባህሉን ከሚያውቅ አደራ ተቀባይ ቤተሰብ ጋር ይቀመጣል፤ ሶሻል ወርከር እየተመላለሰ ያየዋል። ቀይ መስቀል ከቀይ ጨረቃ ጋር ሆኖ ስልክ እያስደወለ፣ ስም እያጣራ ቤተሰቡን ያፈላልጋል። የሐዷናን ባብ ለቀራ ሰው አክስትና አያት መቅደማቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

«ቅንጅት» የሚለው ቃል ስብሰባና አበል ነው የሚያስታውሳችሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም። ግን አንዲት የአስር ዓመት ልጅ ከአክስቷ ጋር ካምፕ ውስጥ አለች እንበል። ጤና ጣቢያው ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቷል። ትምህርት ቤቱ ሦስት ሳምንት እንደቀረች ያውቃል። ራሽን የሚያድለው ሰው ወረፋ የምትይዘው እሷ እንጂ አክስትየዋ አለመሆኗን አይቷል። የቁርኣን አስተማሪዋ ደግሞ ሊድሯት እንደሆነ ሰምቷል። አራቱም ሩብ ሩብ ያውቃሉ። ካልተገናኙ ልጅቷን የሚያውቃት የለም። ሲገናኙ ደግሞ ወሬዋ ካምፑን ሊያዳርሰው አይገባም፤ ጉዳዩን ማወቅ ያለበት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። እንግዲህ ቅንጅት የምንለው ይህ ነው።

በዚህ መሃል የእኛ ጀመዓ «ለ50 የቲሞች» የሚል ባነር ይዞ ይገባል። አክስትየዋ ልጅቷ ልብስና ዱቄት እንድታገኝ «ይቺ ማንም የላትም» ትላለች። አልፈርድባትም፤ ራሷም ተርባለች። ካሁን በኋላ ግን ልጅቷ ሁለት ታሪክ አላት፦ በፋይሉ ላይ አክስት ያላት፣ በእኛ ዝርዝር ላይ ማንም የሌላት። ቤተሰብ የሚያፈላልገው ሰው የትኛውን ይመን? እ.ኤ.አ. በ1994 የሩዋንዳ ስደተኞች ጎማ በገቡ ጊዜ ብቻቸውን ለሆኑ ልጆች የተከፈቱ ማዕከላት ከካምፑ የተሻለ ምግብ ስለነበራቸው፣ ልጆቻቸውን እዚያ የተዉ ወላጆች ነበሩ። ልጅን ለማዳን የተከፈተ በር ልጅን ከእናቱ ለየ። ስለዚህም ነው የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያዎች ማሳደጊያ መክፈትን የመጨረሻ አማራጭ የሚያደርጉት፤ እርዳታም «ለየቲሞች» ተብሎ ተነጥሎ ሳይሆን ልጁ ለሚኖርበት ቤት ሁሉ እንዲሰጥ የሚመክሩት።

ሌላም አለ። እያንዳንዱ ጎብኚ ልጁን «እናትህ እንዴት ሞተች?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለቪዲዮ ደግሞ ሲያለቅስ ይመረጣል። አምስተኛው ጠያቂ ላይ ልጁ ታሪኩን እንደ ሸቀጥ መሸጥ ይለምዳል፣ ወይም ዝም ይላል። ሰደቃ ላይ መመጻደቅና ማስከፋት እንደማይገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ ካሜራው ሲበራ ግን የምናስታውሰው ጥቂት ነን።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። «ኡስታዝ፣ ፋይሉ ሲንከባለል ልጁ ይራባል። ደግሞ ልጆቻችን በእርዳታ ስም ከዲናቸው እንዳይወጡስ?» ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ፋይሉ ይዘገያል። መለኪያው አንድ ሶሻል ወርከር ከ25 በላይ ልጅ እንዳይዝ ይላል፤ ካምፕ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ በ2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታ ሲቆረጥ ደግሞ ባሰ። ለዚህ መድኃኒቱ ግን ሌላ ዝርዝር መጻፍ ሳይሆን ያለውን ዝርዝር የሚሠራ ሰው መጨመር ነው። ጀመዓችን ለአንድ ቀን ፕሮግራም አውቶቡስ የሚከራይበትን ገንዘብ፣ ካምፑ ውስጥ ከስደተኞቹ መካከል ለሚሠሩ አስተርጓሚዎችና ቤት ለቤት ለሚዞሩ ሠራተኞች ማዋል ይቻላል። ለጋዜጣ የሚሆን ፎቶ አይወጣውም፤ ያውቃችኋል።

የዲኑን ጉዳይ በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና አገራችንም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ20ኛው አንቀጹ፣ ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ ሲቀመጥ ሃይማኖቱ፣ ባህሉና ቋንቋው ግምት ውስጥ እንዲገባ ያዛል። የእስልምናን ከፋላ በስሙ ጠርቶ ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎታል። ይህንን የሚያስፈጽመው ግን ልጁ የት እንደሚቀመጥ በሚመከርበት ቦታ የተገኘ ሰው ነው። ሙስሊም አደራ ተቀባይ ቤተሰቦች ካምፑ ውስጥ ተመዝግበው፣ ተጣርተውና ሠልጥነው ካልተገኙ፣ ከሩቅ ሆኖ መጮህ ዋጋ የለውም። ውጭ ቆመን የምንጠረጥረውን ሥራ ውስጡ ገብተን መሥራት እንችላለን።

መግቢያውም የታወቀ ነው። መጀመሪያ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ፈቃድ፤ ከዚያ በየካምፑ የሕፃናት ጥበቃ ሥራውን ከሚያስተባብሩት ጋር ቁጭ ብሎ «ምን ጎደለ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ ቴምር ላይሆን ይችላል። የሽንት ቤት በር ቁልፍ፣ የሶላር መብራት ወይም ለታዳጊ ሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ ሊሆን ይችላል። (በስደተኛ ካምፕ ሳይሆን በተፈናቃይ ካምፕ ከሆነ ደግሞ የምትጠይቁት የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮውንና ዩኒሴፍን ነው።) የሥነ ምግባር ውል ፈርሙ ስትባሉ አትከፉ። ማንም ጎልማሳ ከልጅ ጋር ብቻውን ክፍል አይገባም የሚለው ደንብ ጺም ያለውንም ጺም የሌለውንም ይመለከታል። ልጅን የሚጎዳ ሰው ግንባሩ ላይ አልተጻፈበትም፤ ካምፕ የሚመርጠውም ቁጥጥር የላላበት ስለሚመስለው ነው። ዐረብኛ የምትችሉ ደግሞ ራሳችሁን ለማስተርጎም ብታቀርቡ መልካም ነው። የኪታብ ዐረብኛችን ሱዳናዊ ሕፃን ፊት ሳቅ ያስነሳል እንጂ፣ የአሶሳና የኩርሙክ ወንድሞቻችን በዚህ ይበልጡናል።

የመድረሳ ሰው እንደመሆኔ ለየት አድርጌ የምናገረው ስለ ቁርኣን አስተማሪዎቹ ነው። ሱዳናውያን ኸልዋ ይሉታል፤ ካምፕ ሲገቡ ቶሎ ከሚቋቋሙት ነገሮች አንዱ እሱ ነው፣ ዛፍ ሥርም ቢሆን። አስተማሪው ልጆቹን በየቀኑ ያያል። ማን እንደቀረ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ከአዲስ ሰው ጋር እንደመጣ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ሆኖም ብዙ ጊዜ የጥበቃ ስብሰባ ላይ አይጠራም፤ ሲጠራም አይሄድም። ሁለቱም ወገን ያጣል። በተጨማሪ ደግሞ ዱላው አለ። እየተገረፈ የሚቀራ ልጅ ቤት ውስጥ የሚደርስበትን ለገራፊው አይነግርም፤ ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም፣ የራሳችንን ልጅነት ማስታወስ ይበቃል። ዱላውን ያስቀመጠ፣ የልጆቹን ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ከነመንደራቸው ደብተሩ ላይ የያዘ፣ ልጅ ሲቀርበት ለማን እንደሚናገር የሚያውቅ አንድ አስተማሪ ካምፑ ውስጥ ቢኖር፣ እኔ የኛን አውቶቡስ ሙሉ ልብስ በሱ እለውጠዋለሁ።

ወሏሁ አዕለም።