ቀመሩ የማይነግረን ብርሃን

የኬሚስትሪ ፈተና ስናወጣ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የውሑዱን ቀመር ጻፉ» እንላለን። ተማሪው ካርቦኑንና ሃይድሮጅኑን በትክክል ቆጥሮ ካስቀመጠ ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል፤ እኛም ውሑዱን አውቆታል ብለን እናልፋለን። በእኛ አመለካከት ይህ ልማድ የኬሚስትሪን ግማሽ ያስቀራል። ለዚህም ብርሃን የሚሰጡ ኦርጋኒክ ክሪስታሎችን በምስክርነት እንጠራለን።

ፓይሪን የተባለውን ውሑድ እንውሰድ። 16 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን ያለው፣ አራት ቀለበቶች የተጋጠሙበት ጠፍጣፋ ሞለኪውል ነው። በፈሳሽ ውስጥ እጅግ ቀጥኖ ሳለ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት 400 ናኖሜትር አካባቢ ሐምራዊ ብርሃን ይሰጣል። መጠኑ ሲጨምር ግን 480 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ብርሃን ይተካዋል። ፎርስተርና ካስፐር ይህን ክስተት የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ምክንያቱም ጨረሩን የተቀበለው ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር ፊት ለፊት ተጣምሮ ጉልበቱን ስለሚጋራ ነው። የጥንዱ የጉልበት ደረጃ ዝቅ ያለ በመሆኑ የሚወጣው ብርሃን ሞገዱ ይረዝማል። በፓይሪን ክሪስታል ውስጥ ሞለኪውሎቹ አስቀድሞም ሁለት ሁለት ሆነው እንደ እንጀራ ተደራርበው ስለሚገኙ ጠጣሩም የሚያበራው በጥንዱ ቀለም ነው። የቅርብ ዘመዱ አንትራሲን ግን በክሪስታሉ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተጋድሞ ስለሚደረደር እንዲህ ያለ ጥንድ በቀላሉ አይፈጥርም።

አደራደሩ ከቀለም አልፎ የብርሃኑን ኃይልም ይወስናል። ማይክል ካሻና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ይህን በስሌት አስረድተዋል። ሞለኪውሎች ልክ በልክ ሲደራረቡ፣ ዝቅተኛው የጉልበት ደረጃ የጎረቤታሞቹ ንዝረት እርስ በርሱ የሚጠፋፋበት ስለሚሆን ብርሃኑ ይደበዝዛል። እንደ ደረጃ ተንሸራተው ሲሰለፉ ግን ንዝረታቸው ይደጋገፋል፤ ብርሃኑም ጠንክሮ ወደ ቀይ ያዘነብላል። በካሻ ቀላል ሞዴል የሁለቱ ወሰን 54.7 ዲግሪ ማዕዘን ነው። እንግዲህ ጥቂት የመንሸራተት ልዩነት አንዱን ሞለኪውል ብሩህ ወይም ጨለማ ታደርገዋለች ማለት ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። በብዙ ቀለሞች ዘንድ ግን ማበር ብርሃንን ያጠፋል፤ ተመራማሪዎችም ለረጅም ጊዜ ይህን እንደ ጠቅላላ ሕግ ይቆጥሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በሆንግ ኮንግ ቤን ጾንግ ታንግና ባልደረቦቹ ተቃራኒውን አሳዩ። ሲሎል ከሚባለው ቤተሰብ የሆነ አንድ ውሑድ ተሟሙቶ ሳለ ብርሃን አልነበረውም፤ ሞለኪውሎቹ ሲከማቹ ግን ደመቀ። በፈሳሹ ውስጥ የሞለኪውሉ ክንፎች እየተሽከረከሩ ጉልበቱን ያባክኑት ነበር፤ መጨናነቁ ክንፎቹን ሲይዛቸው ጉልበቱ በብርሃን መልክ ወጣ። የአበው ምሳሌ በዚህ ውሑድ ላይ ሠራ!

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በአሜሪካ፣ በፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥ ከሚገባው ከአቮቤንዞን የተሠራ የቦሮን ውሑድ እንደ ክሪስታሉ ዓይነት የተለያየ ቀለም ሲያበራ ታየ። ሲታሽ ቀለሙ ይለወጣል፤ ሲቆይ መልሶ ያገግማል። ቀመሩ ግን አንድ ፊደል እንኳ አልተነካም።

«መሠረታዊ ኬሚካል ለሚቸግረው ቤተ ሙከራ ይህ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የክሪስታልን ውስጣዊ አደራደር በኤክስሬይ የሚለካው መሣሪያ ውድ መሆኑንም አንክድም። ይሁን እንጂ አደራደርን አለማወቅም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሪቶናቪር የተባለው የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሳይታሰብ ሌላ የክሪስታል ዓይነት ፈጠረ። አዲሱ ዓይነት በቀላሉ የማይሟሟ ስለነበር ካፕሱሉ ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ሞለኪውሉ ያው ነበር፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። መድኃኒት የሚሠራና የሚመረምር ባለሙያ ልናፈራ የምንሻ ከሆነ ይህን ትምህርት ቅንጦት ልንለው አንችልም።

ለመጀመር ደግሞ ብዙ አያስፈልግም። ፍሎረሲን ዱቄቱ ደብዛዛ ቀይ ነው፤ ቅንጣቱ ጥቂት ሶዳ በገባበት ብዙ ውሃ ውስጥ ሲቀጥን ግን በደማቅ አረንጓዴ ያበራል። የብር ኖት መፈተሻ መብራት ይህን ለማሳየት ይበቃል፤ ተማሪው መብራቱን በቀጥታ እንዳያይ ብቻ እንጠንቀቅ። አንድን ውሑድ በአንድ ብርጭቆ በፍጥነት፣ በሌላው በዝግታ ክሪስታል እንዲሠራ ትቶ በማይክሮስኮፕ ማነጻጸርም ይቻላል። ይህ ትዕግሥትንና አስተውሎ ማየትን ያስተምራል፤ ሁለቱም በገንዘብ አይገዙም።

ስለዚህ ለመምህራን ባልደረቦቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። «ቀመሩን ጻፉ» ከሚለው ጥያቄ ሥር አንድ መስመር እንጨምር፤ «እነዚህ ሞለኪውሎች በጠጣሩ ውስጥ እንዴት ተደርድረዋል?» እንበል። እናንተም ተማሪዎች ጥያቄው በፈተና ወረቀቱ ላይ ባይኖር እንኳ ጠይቁን። መልሱን ወዲያው ባናገኝ አብረን እንፈልገዋለን።