ወጣቱ ትውልድና የሥልጣን ጥያቄ

የሀገራችን ወጣት ገፍቶ የጣለው እንጂ ይዞ ያቆየው ሥልጣን የለም። ይህን የምንለው የትግሉን ዋጋ ለማሳነስ አይደለም።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። በአሥር ዓመቱ፣ በየካቲት 1967፣ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ተከለከለ። ጥያቄው የተማሪው፣ አዋጁ ግን የወታደሩ ነበር። ደርግ መፈክሩን ወሰደ፤ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አዘመተ፤ ከዚያ ትውልድ ስንቱን በቀይ ሽብር ጨረሰ!

በ2010 ዓ.ም. ይኸው በሌላ መልክ ተደገመ። በኦሮሚያና በአማራ መንገድ ዘግቶ፣ ጥይት ተቀብሎ፣ እስር ቤቱን ሞልቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ያስለቀቀው ወጣት ነው። ተተኪውን የመረጠው ግን 180 አባላት ያሉት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነበር።

ለምን? የገዢዎች ጭካኔ ብቻውን መልስ አይሆንም። ወጣቱ ጠላትን መታገል እንጂ በገዛ ድርጅቱ ውስጥ በድምፅ ተሸንፎ መቆየትን አልተማረም። በነሐሴ 1963 በሎስ አንጀለስ የተደረገው 19ኛው የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ማኅበር ጉባዔ በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ ተከፈለ። ከዚያ ክፍፍል አንሥቶ የኢሕአፓና የመኢሶን ልጆች በአዲስ አበባ ጎዳና እስከ ተገዳደሉበት ጊዜ ድረስ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሁለቱም ወገኖች ደግሞ ማርክሲስቶች ነበሩ!

የምንኖርበት ዋይሊ በዚህ ረገድ አንድ ነገር ያሳያል። በቴክሳስ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ እያንዳንዱ የምርጫ ቀበሌ የራሱን የፓርቲ ሊቀ መንበር ይመርጣል። ደመወዝ የለውም፤ ጎረቤቱም ስሙን ላያውቀው ይችላል። የቡርዧ ፓርቲ ነው ብለን ልንንቀው እንችላለን፤ ነገር ግን ሥልጣን የሚያዘው ከእንዲህ ካለው አሰልቺ ወንበር ጀምሮ ነው።

በሀገር ቤት አዋጅ 1162/2011 ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት ይጠይቃል። ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልል ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ፤ የአገር አቀፉ መሥራቾች ከአንድ ክልል ብቻ ሊሰበሰቡ አይችሉም። ወጣቱን የሚፈትነው ይኸኛው ነው፤ የጎንደሩ ልጅ የነቀምቱን ልጅ በሊቀ መንበርነት መርጦ አብሮት መሥራት አለበትና።

ጦርነት ባለበት አገር ፊርማ ማሰባሰብ ቀልድ ነው የሚሉ ጓዶች አሉ። በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሣውን ጦርነት እያየን አባባላቸውን ከንቱ ልንለው አንችልም። ሆኖም ጠመንጃው አንድ ቀን ወደ ጠረጴዛ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የተጻፈ ደንብና የተመረጠ ተወካይ የሌለው ወጣት እንደ 1967ቱ ዘማች የሌላውን አዋጅ አስፈጻሚ ይሆናል።

ስለዚህ ለመጪው የማኅበራችን ጉባዔ የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ምርጫው በምስጢር ድምፅ ይሁን፤ ሊቀ መንበር ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥ፤ ቃለ ጉባዔ ለአባል ሁሉ ይበተን። በድምፅ የተሸነፈው ወገንም በዚህ መጽሔት በእያንዳንዱ እትም ሁለት ገጽ ይሰጠው፤ አዘጋጆቹም አንድ ቃል እንዳይነኩበት።