ጎማው ስለገባ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም

ጎማ ሊቀይር ጎሚስታ ቤት የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ይገባል ወይ?» ፓራፋንጎ ካልነካ፣ መሪ ሲዞር ካልታከከ «ይሆናል» ይባልና ይታሰራል። መኪናዋ ከፍ ትላለች፣ ታምራለች፣ ለኮረኮንች መንገድም ትመቻለች። በተለይ ፒክአፕና ላንድክሩዘር በሚነዱ ሰዎች ዘንድ ይህ በጣም ከመለመዱ የተነሳ የሚቃወመው ሰው ነገር ፈላጊ ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን እቃወማለሁ። ትልቅ ጎማ መግጠም በራሱ ጥፋት ሆኖ አይደለም። ጎማው ከተቀየረ በኋላ ቆጣሪው የሚናገረው ሌላ፣ መኪናዋ የሄደችበት መንገድ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ቆጣሪ ሰው ስለሚከሰስበት ነው።

መኪና የምትቆጥረው ዙር እንጂ መንገድ አይደለም። በድሮዎቹ መኪኖች ከካምቢዮ የሚመጣ ሽቦ ክሩስኮቶው ውስጥ ያለ ማግኔት ያሽከረክራል፤ ማግኔቱ በበኩሉ የፍጥነቱን ቀስት ያንቀሳቅሳል። ኦቶ ሹልዘ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ያስመዘገበው ይህ ዘዴ ዛሬም በየመንገዳችን በሚታዩ አሮጌ መኪኖች ውስጥ ይሠራል። በአዲሶቹ ላይ የሽቦውን ሥራ ካምቢዮው ወይም እግሮቹ ላይ ያለ ሴንሰር ወስዶታል። ሁሉም ግን አንድ ነገር ያምናሉ፦ ጎማው ፋብሪካው የገጠመው ልክ ነው ብለው። ጎማው ከተቀየረ የሚነግራቸው የለም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ጎማው ላይ 265/70አር16 የሚል ጽሑፍ ካለ፣ 265 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው። 70 ደግሞ የጎማው ግድግዳ ከፍታ የስፋቱ 70 ከመቶ መሆኑን ይገልጻል፤ 16 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ግድግዳው ከላይም ከታችም ስላለ ሁለቱ ከቸርኬው ጋር ሲደመሩ ጎማው ከአናት እስከ መሬት 777 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያው ቸርኬ ላይ 285/75 ቢገጠም ቁመቱ 834 ሚሊሜትር ይደርሳል። የመጀመሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 409 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ሁለተኛው 382 ጊዜ ይበቃዋል። ልዩነቱ ከ7 ከመቶ ትንሽ ይበልጣል። ቀድሞ ልክ የነበረ ጌጅ 80 ሲል መኪናዋ በ86 ገደማ እየሄደች ነው፤ 100 ሲል በ107። ስትጋጭ የምትመታበት፣ ለመቆምም ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ 7 ከመቶ የፍጥነት ጭማሪ 15 ከመቶ የጉልበት ጭማሪ ነው። ሾፌሩ ይህን የሚያይበት ምንም ምልክት ፊቱ ላይ የለም።

ለዚህ ሁሌ የሚሰጥ መልስ አለ። «የፍጥነት ጌጅ ድሮም አብዝቶ ነው የሚያሳየው፤ ትልቁ ጎማ እንዲያውም ያስተካክለዋል» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ጌጁ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዲያሳይ አይፈቅድም፤ አብዝቶ ማሳየትን ግን እስከ 10 ከመቶና 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይታገሳል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ቀስቱን ሆን ብለው ከፍ ያደርጉታል። ነገር ግን ያ ትርፍ የተቀመጠው ለጥንቃቄ ነው፤ የእናንተ መኪና ላይ ስንት እንደሆነም ሳይለካ አይታወቅም። ከሁሉ በላይ፣ ትርፉ ያለው ቀስቱ ላይ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው እንዲህ ያለ ማካካሻ አይደረግለትም። ቀስቱን «ያስተካከለው» ጎማ ቆጣሪውን ያበላሸዋል።

ያለቀ ጎማም ልኩን ይለውጣል የሚሉ አሉ። ይለውጣል፤ ከአዲስ እስኪያልቅ 2 ከመቶ ያህል ያንሳል። ግን ሲያንስ ጌጁ አብዝቶ ስለሚያሳይ ስህተቱ ወደ ጥንቃቄ ያደላል። የትልቁ ጎማ ስህተት ወደ አደጋ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በየመሥሪያ ቤቱና በየድርጅቱ ሾፌር የሚመዘነው በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ በሚል ነው። መኪናዋ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተወስኗል እንበል። ሾፌሩ ለመስክ ወጥቶ 600 ኪሎ ሜትር ነድቶ ይመለሳል፤ 75 ሊትር ፈጅቷል፣ ልክ ነው። ከላይ ያልነው ትልቁ ጎማ ተገጥሞ ከሆነ ግን ቆጣሪው የሚያሳየው 559 ነው። የስምሪት ክፍሉ ለ8 ያካፍልና ወደ 70 ሊትር ይበቃ ነበር ይላል። 5 ሊትር የት ገባ? ወር ሙሉ 3,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ የ25 ሊትር ጥያቄ ይሆናል። ሰውየው ጠብታ ሳይነካ ነዳጅ ሻጭ ተባለ፣ ደብዳቤ ተጻፈበት፣ ከደመወዙ ተቆረጠ። ጎማውን የመረጠው ግን እሱ አይደለም፤ ግዥ ክፍል ነው። ጎማው ከፋብሪካው ልክ ያነሰ ቢሆን ደግሞ ቆጣሪው አብዝቶ ስለሚቆጥር፣ በእርግጥ የሚቀዳ ሰው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ይህን ቁጥጥር ብሎ መጥራት አይቻልም።

ቆጣሪው የሚያሳስተው በዚህ ብቻ አይደለም። በ5,000 የሚቀየር ዘይት በ5,360 ይቀየራል። ይህስ ይሁን፤ በ100,000 መቀየር ያለበት የሞተር ቺንጋ 107,000 ሲደርስ ግን ሊበጠስ ይችላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ሳያውቅ ብዙ የሄደችውን በትንሽ የሄደች ዋጋ ይገዛል፤ ሻጩ ቆጣሪውን ባይነካውም።

ጥፋቱን ቸርኬው ላይ የሚጥሉም ተሳስተዋል። 195/65አር15ን በ205/55አር16 የቀየረ ሰው ቸርኬው በአንድ ኢንች ቢያድግም የጎማው ቁመት 634 ከነበረበት 632 ገደማ ነው የሚሆነው። ቆጣሪው አይሳሳትም ማለት ይቻላል። መታየት ያለበት ጠቅላላ ቁመቱ እንጂ የቸርኬው ቁጥር አይደለም።

መፍትሔው በእጃችን ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ የጎማ ዙር ስለማይቆጥር ከመኪናችሁ ጌጅ ጋር አስተያዩት፤ ረዘም ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ይበቃል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ካምቢዮው ላይ ያለችው ትንሽ የቆጣሪ ጥርስ ትቀየራለች፤ ከአዲሶቹም በኮምፒዩተር የሚስተካከሉ አሉ። ማስተካከል ካልተቻለ ልዩነቱ በስንት ከመቶ እንደሆነ ተሰልቶ በጥገና መዝገቡ ላይ ይጻፍ። ጎሚስቶችም ከ«ይገባል» በፊት የድሮውንና የአዲሱን ቁመት ለደንበኛው ንገሩት፤ ስሌቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የስምሪት ኃላፊዎች ደግሞ አንድን ሾፌር ነዳጅ አጎደልክ ከማለታችሁ በፊት ወርዳችሁ ጎማው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ልኩ ተቀይሮ ካገኛችሁት ሒሳቡ ይታረም፤ ያለአግባብ የተቆረጠ ደመወዝ ካለም ይመለስለት።